ከማዶ የማይታይ

የትዕዛዙ አስከሬን ከሐይቁ በወጣ ማግስት፣ ገና በማለዳው ኢንስፔክተር ይኸነው ከእንጅባራ ወደ ጥርባ ሐይቅ ወጣ። የሟች ሚስት ደጊቱ እጇ በካቴና ታስሮ ከዳገቱ ሥር ተቀምጣለች። ባሏ በሞተበት ዋዜማ ከእሱ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። እኩለ ቀን ላይ ወደ ከተማ ልትወሰድ፣ ሁለት ልጆቿም አማቾቿ ዘንድ ሊቀሩ ነው።

በሐይቁ ዙሪያ ወፍ እንኳ አይጮህም። ይኸነው ሰው የበላ ውሃ ይከብደዋል፤ ሲያየው መልሶ የሚያየው ይመስለዋል።

«ገዳዩማ ይህችው ናት» አለ የሟች ወንድም አበረ።

«አይተሃል?»

«እኔማ የት አይቼ! አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው ደረሰ ነው።»

የሟች የጉግስ ባልደረባ ደረሰ ፈረሱን እየሳበ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ትናንት በዚሁ ሰዓት ከማዶ በፈረስ ሳልፍ፣ ከዚህ ቋጥኝ ግርጌ ውሃው ሥር ሰጥሞ ተንጋልሎ አየሁት። አለንጋው ግራ እጁ ላይ ተጠምጥሟል። ጮህሁ፤ ሰው ደረሰልኝ።»

«ወደ ቋጥኙ አልወረድህም?»

«እኔ? የእኛ መንደር ፈረሰኛ የጥር ጊዮርጊስ ግልቢያ ሳያልፍ ውሃ ዳር አይወርድም። ብወርድ ማን አብሮኝ ይጋልባል?»

ይኸነው ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ተመለከተ። ከዚያም ሁሉንም አስከትሎ ወደ ማዶ ተሻገረ።

«ደጊቱ፣ ከቋጥኙ ግርጌ ምን ይታይሻል?»

«ሰማይ።»

«አበረስ?»

«የተገለበጠ ዛፍ። ሌላ ምንም።»

«እኔ ፈረስ ላይ ነበርሁ!» አለ ደረሰ።

«በል ፈረስህ ላይ ውጣና እይ።»

ደረሰ ወጣ። ረጅም ጊዜ አየ፤ ከዚያም ከፈረሱ ወረደ።

«ብርሃን ከሩቅ አግድም ውሃ ላይ ሲያርፍ» አለ ይኸነው በዝግታ፣ «ውሃው እንደ መስተዋት ወደ ዓይናችን ይመልሰዋል። ከሥር የሚመጣው ብርሃን ደካማ ነው፤ በሰማዩ ነጸብራቅ ይዋጣል። ሥሩን ማየት የሚሻ ከአናቱ መቆም አለበት። እኔ ቋጥኙ ላይ ሆኜ ጠጠሩን አንድ በአንድ አየሁ። አለንጋውን ያየው ዓይንም ሰው ሳይደርስ እዚያው ነበር። ውሃ ዳር መውረድህን ለመደበቅ ራስህን ማዶ አቆምህ።»

ደረሰ የፈረሱን ልጓም ለቀቀ።

«ዘንድሮ ፈረሰኛውን እንዲመራ የተመረጠው ትዕዛዙ ነው። ጎህ ሲቀድ ውሃ ዳር አገኘሁት። ‹ደንቡን ሽረሃልና አትመራም› አልሁት። ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«የደፈረሰው ውሃ እስኪጠራ ቆሜ አየሁት። ዓይኑ አልተከደነም ነበር።»

ካቴናው ከደጊቱ እጅ ተፈታ።

«እጁን አልዘረጋልህም?» አለችው።

«ዘርግቶልኝ ነበር።»

ደጊቱ ፊቷን አዞረች። ልጆቿን ልታመጣ ወደ አማቾቿ ቤት መንገድ ጀመረች። አበረ አንገቱን ደፍቶ ከኋላዋ ተከተላት።