የጉራም ደሴት

የዘርማት ምንጮች በመረሩ በአርባኛው ቀን፣ ማለዳ፣ በንጉሥ አውሳር ፊት የቆሙት ሦስት አዳኞች ነበሩ፤ ሽማግሌው ገርማድ፣ ቀልደኛው ቱሪምና የገርማድ የወንድም ልጅ ዘልማ። ውሃውን የሚያጣፍጠውን ዕንቁ ከምንጩ ዓይን ቆፍሮ የዋጠው ጉራም የተባለው ግዙፍ አርጃኖ ነበር። ዘልማ ታናሽ እህቷን ቤት ትታ ነው የመጣችው። ልጅቱ መራራውን ውሃ በጠጣች ቁጥር ደም ያስመልሳታል።

«በአባቶቼ አጥንት እላችኋለሁ፤ ዕንቁውን ሳትይዙ ወደዚህ በር አትመለሱ» አለ ንጉሡ።

ገርማድ ጦሩን ከፍ አድርጎ «ዕንቁው ካልተመለሰ አጥንታችንም አይመለስ» ሲል ማለ።

በጀልባ ወደ ጉራም ደሴት ሰባት ቀን ቀዘፉ።

«ዘልማ፣ አርጃኖው ቢውጠኝ ለእናቴ ምን ትያታለሽ?» አለ ቱሪም።

«አውሬው ሆዱን ታመመ እላታለሁ።»

በስምንተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ደሴቱ ላይ ወጡ። ከአሸዋው ተቆፍረው የተበሉ የአዞ እንቁላሎች ቅርፊት በየቦታው ተበትኗል። ጉራም ሦስት ጀልባ ያህል ርዝመቱን ዘርግቶ፣ ደረቱን ድንጋይ ላይ ለጥፎ ፀሐይ ይጠብቃል። መንታ ምላሱ ወጣ ገባ እያለ አየሩን ይቀምሳል።

«ብርዱ አስሮታል፤ ጀርባው ሳይሞቅ እንድረስበት» አለች ዘልማ።

ጦሮቹ ከቅርፊቱ ላይ እየነጠሩ ወደቁ። የቱሪም ጦር ብቻ ብብቱን ጫረው። አውሬው አካሉን ነፍቶ እፍ አለ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ምላሱ ተንጠለጠለ፣ ትንፋሹም ቆመ።

የዘርማት አዳኝ የገደለውን ከመንካቱ በፊት ጦሩን መሬት አስቀምጦ እጁን ውሃ ውስጥ ይታጠባል፤ ሳይታጠብ የነካውን የሟቹ ነፍስ ይከተለዋል ይባላል። አርጃኖ ውሃ ውስጥ አንድ ድስት ወጥ እስኪበስል ሳይተነፍስ እንደሚቆይ ሦስቱም ያውቁ ነበር። ያን ሰዓት ግን አንዳቸውም አላስታወሱትም። ቱሪም እየሳቀ ወደ ውሃው ወረደና ጎንበስ አለ።

ጅራቱ እንደ ጅራፍ ተወነጨፈ። የቱሪም ወገብ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። ጉራም አንገቱን ነክሶ ይዞት ጠለቀ፤ ውሃውም ቀላ።

እኩለ ቀን ላይ የውሃው ቅዝቃዜ አውጥቶት ጉራም ተመለሰ። ገርማድ ግንባሩን ሲወጋው ጦሩ ለሁለት ተሰበረ፤ አውሬውም የግራ ባቱን በጥፍሩ እስከ አጥንቱ ዘነጠለው። ከዚያ እንደገና ወደቀና ምላሱን አንጠለጠለ። ዘልማ ዓይኑን ወጋችው፤ የዓይኑ ቆብ እንደ ጋሻ ጦሩን መለሰው።

«ተይው። ሥጋው ያለው አፉ ውስጥ ብቻ ነው» አለ ገርማድ።

«አፉን አይከፍትልንም፣ አጎቴ።»

«ለታጣቢ ይከፍታል።»

ገባት። «እኔ ልታጠብ» አለች።

«ጦር የሚይዝ ሰው ሁለት እግር ያስፈልገዋል። እኔ የቀረኝ አንድ ነው።» የተሰበረውን ጦር አስቀመጠ። «እኔን አትመልከቺ፤ ጉሮሮውን ተመልከቺ።»

እያነከሰ ወረደ። ጀርባውን ለአውሬው ሰጥቶ እጁን እስከ ክርኑ፣ ሳይቸኩል፣ መታጠብ ጀመረ። የጉራም አንድ ዓይን ተከፈተ። ዘልማ አልተነቃነቀችም።

ጉራም ገርማድን ከትከሻው ሲነክሰው ዘልማ በአፉ ጥግ ገብታ ጦሩን በላንቃው ሽቅብ ሰደደችው። የአጎቷ አጥንት ሲደቅ በጆሮዋ ሰማች፤ ጦሩን ግን ደጋግማ አዞረችው። አውሬው ከድንጋይ ጋር እያላተማት ሦስት የጎን አጥንቷን ሰበረ። አልለቀቀችም። አንገቱን ቆርጣ እስክትጨርስ ድረስም አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ውሃው አልወረደችም።

ሆዱን ቀደደችና ዕንቁውን አወጣች። ገርማድን ከነተሰበረው ጦሩ ቀበረችው፤ የቱሪም አስከሬን አልተገኘም። ብቻዋን አሥራ አንድ ቀን ቀዘፈች።

ዕንቁው ወደ ምንጩ ዓይን በገባ በማግሥቱ ውሃው ጣፈጠ። እህቷ ጠጣች፤ አላስመለሳትም።