ያልደበዘዘው ልብ

ሻምበል ጴጥሮስ ከአዋሳ ተጠርቶ ዲላ ሲደርስ ሬሳው ገና አልተቀበረም። የሟቹ እህት ዘይቱና፣ ለቀብር የመጡትን ሽማግሌዎች «መርማሪ ሳያየው አፈር አይነካውም» ብላ ከደጅ መልሳቸዋለች። ቀብር በማይዘገይበት ቤት ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ሟቹ ወጣቱ ዶክተር ነጅሙዲን ነው። ዶክትሬቱን ከያዘ በኋላ በልብ ራጅ ምርምር ለመሠልጠን በዶክተር ወንድይፍራው ሥር ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ትናንት፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ራጅ ክፍል አልጋ ላይ ሞቶ ተገኘ። ወዲያው ነርሷ አልጣሽ ታሰረች፤ ለጉሮሮው ሕመም ፔኒሲሊን የወጋችው እሷ ናትና።

ሻምበሉ የሟቹን ከንፈር ገልበጥ አድርጎ አየ። ውስጡ በራሱ ጥርስ ተተልትሏል። ከዚያ ወደ ራጅ ክፍሉ ሄደ።

«ነገሩ ለእናንተ ለፖሊሶች ይከብዳል» አለ ዶክተር ወንድይፍራው ክራቫቱን እያስተካከለ። «ልቡ አብጦ ነበር። ሳታስመረምር ወጋችውና ጨረሰችው። ይኸው፣ ማክሰኞ ዕለት አቁሜ ያነሳሁት ፊልም።»

ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለው። በዙሪያው የሬኮ ገበሬዎችና የገደብ ነጋዴዎች ፊልሞች ተደርድረዋል።

«የእነዚህ ልብ ጠርዙ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል» አለ ሻምበሉ።

«እነሱን ያነሳው ነጅሙዲን ነው። ትጉ ነበር፣ ግን እጅ የለውም። ይህችን ይዩዋት፣ እንደ ምላጭ! በዚህ አሮጌ ማሽን እንዲህ ያለ ፊልም አዲስ አበባም አያገኙም። የጥናቴ መግቢያ ላይ አወጣታለሁ።»

«የሟቹን ልብ?»

«ሳይንስ ለቅሶ አይቀመጥም፣ ሻምበል።»

ጴጥሮስ በሥራው ብዙ ወንበዴ አይቷል። አብዛኞቹ ሬሳ ባለበት ቤት ቢያንስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

የራጅ ክፍሉን ሠራተኛ ሙሉካን ከግቢው ዛፍ ሥር አገኘው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«መዝሙር ልምምድ፣ ቸርች። ዶክተሩ ሥራ የለም፣ ሂድ አለኝ።»

«የትኛው ዶክተር?»

«የሚሳደበው፣ ወንድይፍራው።»

«ከነጅሙዲን ጋር ይስማሙ ነበር?»

«የነጅሙዲንን ጥናት በራሱ ስም ሊያሳትም ነው። ነጅሙዲን ነገ አዲስ አበባ ሄዶ ሊከስ ነበር።»

የሆስፒታሉን ሥራ አስኪያጅ አቶ ወልደዮሐንስን ግን ያሳዘነው ሌላ ነገር ነበር።

«ሞቱ ያሳዝናል። ግን ትናንት ለማን ብለው ነው ያን ናፍጣ ያቃጠሉት? አንድም የራጅ በሽተኛ አልነበረም፤ የራጁ ጄኔሬተር ግን ያጓራ ነበር።»

«ማን አስነሳው?»

«ዶክተር ወንድይፍራው ናቸዋ።»

«ለምን ብለው አልጠየቋቸውም?»

«እንዴት አድርጌ? የተማሩ ሰው ናቸው።»

«አልጣሽንስ ከማሳሰርዎ በፊት ጠየቋት?»

«እሷ እኮ ነርስ ናት።»

ሻምበሉ አዋሳ ደውሎ ከአንድ ሐኪም ጋር ተነጋገረ። ከዚያ ሁሉንም ራጅ ክፍል ሰበሰበ። አልጣሽ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመች፤ ዘይቱና በሩን ተደግፋለች።

«ዶክተር፣ እጅዎን አወድሰውልኛል። እስቲ እኔን ያንሱኝ» አለና ሸሚዙን አወለቀ።

ወንድይፍራው ፈገግ ብሎ አነሳው። ሙሉካ አጥቦ ያመጣው ፊልም ውሃው እየተንጠባጠበ ከነጅሙዲን ፊልም ጎን ተሰቀለ።

«ትንፋሼን ይዤ እንደ ግንድ ቆሜ ነበር» አለ ሻምበሉ። «የልቤ ጠርዝ ግን እንደ ገበሬዎቹ ደብዝዟል። ያነሳኝም የእርስዎ እጅ ነው። ማሽኑ ቀርፋፋ ነው፤ ፊልሙን እስኪጨርስ ልብ ይመታል። ትንፋሽ ይያዛል፣ ልብ አይያዝም። እዚህ የተሰቀሉት ሁሉ የደበዘዙት በሕይወት ስለነበሩ ነው። ያልደበዘዘው አንድ ብቻ ነው።»

ጣቱን በነጅሙዲን ፊልም ላይ አሳረፈ።

«ልቡ የገዘፈውም ታሞ አይደለም። በጀርባው ተኝቶ የተነሳ ሰው ልብ ቆሞ ከተነሳው ገዝፎ ይታያል። የአዋሳው ሐኪም ይህን ጀማሪ ተማሪም ያውቃል ብሎኛል። ትናንት ሙሉካን አሰናበቱ። ነጅሙዲን መርፌውን ተወግቶ ጋደም እንዳለ፣ ከጨረር የሚከልለውን ያን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ፊቱ ላይ ጭነው አፈኑት፤ በጥርሱ የተተለተለው ከንፈሩ ይናገራል። ከዚያ ሰበብ ፈለጉ። ጄኔሬተሩን አስነሥተው ሬሳውን በራጅ አነሱና ፊልሙን የማክሰኞ ነው አሉ። ሌላ ገዳይ ቢሆን አሳይቶ ይደብቀው ነበር። እርስዎ ግን አላስቻለዎትም፤ በዕድሜዎ የቀናዎት ፊልም እሱ ብቻ ነውና።»

«ማሽኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ ወንድይፍራው ላብ በላብ ሆኖ። «ያለ እኔ ማን ያውቀው ነበር?»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከአልጣሽ እጅ ፈትተው በእሱ እጅ አጠለቁት።

አቶ ወልደዮሐንስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እህት አልጣሽ፣ ሰኞ ሥራሽን ትጀምሪያለሽ።»

አልጣሽ አንጓዋን እያሸች ረጋ ብላ አየችው። «ትናንት የወሰዱኝ በገበያው መሀል ነው፤ ያዋለድኳቸው ሴቶች እያዩ። ሰኞን ይተዉትና ዛሬ ቤቴ ድረስ ይሸኙኝ። በገበያው በኩል።»

«እኔ? ሥራ አለብኝ እኮ።»

«ናፍጣው የትም አይሄድም፣ ጋሼ።»

ዘይቱና ሻሿን አጥብቃ አሰረች። «እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ሽማግሌዎቹን ልጠራ ነው፤ አሁን ይቀበር» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሻምበሉን አየ፤ ሻምበሉ ሸሚዙን እየቆለፈ ነበር። አቶ ወልደዮሐንስ ባርኔጣውን ከጠረጴዛው አንሥቶ፣ እዚያው መልሶ አስቀምጦ፣ ራሱን እንደገለጠ ሁለቱን ሴቶች ተከተለ።