ሁለት ያልተሰጡ ድምፆች

ሮዊና ሃበርሾንን የሰው ውሻ ጣቷን ባይነክሳት ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

የሼፊልድ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። አባቷ አቶ ክላይቭ በዚያ ዳገታም ሰፈር ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲመረጡ ኖረዋል፤ ዘንድሮ ግን ወንበራቸው ተነቃንቋል። ሮዊናም የፓርቲያቸውን ቢጫ ሪባን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ የአባቷን በራሪ ወረቀት በየበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ ስታስገባ ነው ከውስጥ ያለ ውሻ ጣቷን ቀጨም ያደረጋት።

«በእጅሽ ነው እንዴ የምትከቺው?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዞር ስትል የተቃራኒውን ፓርቲ ቀይ ሪባን ያደረገ ረጅም ወጣት ቆሟል። በአንድ እጁ ወረቀት፣ በሌላው የእንጨት ማንኪያ ይዟል።

«ታዲያ በምን ልክተተው?»

«በዚህ ነዋ። ወረቀቱን በማንኪያው ትገፊዋለሽ፤ ውሻው ማንኪያውን ይነክሳል፤ አንቺ በሰላም ወደ ቤትሽ። አክስቴ ናት ያስተማረችኝ።»

«አክስትህ ማን ናቸው?»

«ግሌኒስ ስታኒፎርዝ።»

ሮዊና ክው አለች። ወይዘሮ ግሌኒስ የአባቷ ተፎካካሪ ናቸው። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ከተዘጋ ወዲህ ሁለቱ ዐይንና ናጫ ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲተላለፉ እንኳ ሰማይ ሰማይ ነው የሚያዩት።

«ኤሊስ እባላለሁ፤ ውሰጂው» አለ ማንኪያውን እየዘረጋላት። «እኔ ለዛሬ ጨርሻለሁ።»

ውሸቱን ነው። ቦርሳው እስከ አፉ ሙሉ መሆኑን አይታለች። ዐይን ለዐይን ሲጋጠሙ ሁለቱንም ሳቅ አመለጣቸው።

መቼም የተዋሱት ዕቃ ይመለሳል። ሮዊና ማንኪያውን ልትመልስ ሄደች፤ በማግስቱ መልሳ ተዋሰችው። ከዚያ በኋላ እሱ የመንገዱን ግራ፣ እሷ ቀኙን ይዘው ወረቀታቸውን እያደሉ ይወጣሉ። ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ ኮምጣጤ የፈሰሰበት ድንች ጥብስ ለሁለት ይበላሉ። ያ ገዳይ ዳገት እንዴት እንዳጠረባት ለራሷም ገረማት።

«ስለ እኛ ለአባትሽ መቼ ነው የምትነግሪያቸው?»

«ሲያሸንፍ።»

«ቢሸነፉስ?»

ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ጥያቄ ነበር። አባቷ ወንበራቸውን ካጡ፣ ከቀይ ሪባን ጋር ዳገት ስትወጣ የከረመች ልጃቸውን ይቅር የሚሉ አልመሰላትም።

የምርጫው ዕለት ሁለቱም በየወገናቸው ተመድበው፣ እንደ ልማዱ የምርጫ ጣቢያ በሆነው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ በር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ከወገናቸው ማን እንደመረጠ ለማወቅ የመራጩን ቁጥር ሲመዘግቡ ዋሉ። አንዱ ሻይ ሊጠጣ ሲነሳ ሌላው ለሁለቱም ይጽፋል። ሮዊና ላለፈ ላገደመው ሁሉ «መታወቂያዎን ይዘዋል አይደል?» ስትል ጉሮሮዋ ደረቀ።

እነሱ ራሳቸው የሚመርጡት ግን ዳገቱ ላይ ባለው ትምህርት ቤት ነው። ሊዘጋ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው እያለከለኩ ደረሱ።

«መታወቂያ?» አለች አስመራጯ።

ሮዊና ኪሷን ዳበሰች። መታወቂያዋ ኮቷ ውስጥ፣ ኮቷ አባቷ መኪና ውስጥ፣ አባቷ ደግሞ አዛውንት መራጮችን ወደየቤታቸው እየመለሱ ከዳገቱ ማዶ ናቸው።

«ሦስት ሺህ ወረቀት አድያለሁ» አለች። «ሁሉም ላይ መታወቂያ እንዳትረሱ ይላል።»

ኤሊስ መታወቂያውን ይዞ የድምፅ መስጫውን ሳጥን አየ። ከዚያ እሷን አየ። መታወቂያውን መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«የአባትሽ አንድ ድምፅ ጎደለ። የአክስቴም ይጉደልና እኩል እንሁን።»

«አንተ ጅል ነህ።»

«ሳልሆን አልቀርም። እወድሻለሁ።»

በማግስቱ ቆጠራው አለቀ፤ አቶ ክላይቭና ወይዘሮ ግሌኒስ እኩል ለእኩል። እንደገና ተቆጠረ። አሁንም እኩል። የምርጫው ኃላፊ በሕጉ መሠረት ዕጣ ሊያወጡ የሁለቱን ስም የያዘ ሁለት ወረቀት አጣጥፈው ሳጥን ውስጥ ጨመሩ።

«አንድ ሰው» አሉ ወይዘሮ ግሌኒስ በንዴት፣ «አንድ ሰው ከአልጋው ቢነሳልኝ ምን ነበረበት?»

የኤሊስ ጆሮ ቀላ። «እኔ ነኝ አክስቴ። አልመረጥኩም።»

«ለምን?»

አንገቱን ደፋ። ሮዊና ገባት፤ እሷን ላለማጋለጥ ጥፋቱን ለብቻው ሊሸከም ነው።

«በኔ ምክንያት ነው» አለች ወደ አባቷ ዞራ። «መታወቂያ ረስቼ ሲመልሱኝ፣ እሱ ይዞ ሳለ ለብቻዬ አልመርጥም አለ። አባዬ፣ እወደዋለሁ። ይኸው ነው።»

አቶ ክላይቭ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ኃላፊው እጃቸውን ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ፤ አንዱን ወረቀት አውጥተው ገለጡት።

«ግሌኒስ ስታኒፎርዝ።»

ጭብጨባው እስኪበርድ አቶ ክላይቭ ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም። ሮዊና ፊታቸውን ለማየት ፈራች። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ግሌኒስ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ።

«እንኳን ደስ ያለሽ። እንግዲህ የመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ ያንቺ ነው።»

ቀጥለው ኤሊስ ፊት ቆሙ።

«ትናንት ብትመርጥ ኖሮ አክስትህ ዕጣም ባላስፈለጋት ነበር።»

«አውቃለሁ፣ አቶ ሃበርሾን።»

«ለልጄ ስትል ነው?»

«አዎ።»

አቶ ክላይቭ ቢጫ ሪባናቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። «እሑድ ምሳ እኛ ዘንድ ነህ።»

ኤሊስ ጆሮውን አላመነም። «ምን ይዤ ልምጣ?»

«መታወቂያህን» አሉ አቶ ክላይቭ። «የሷ አሁንም መኪናዬ ውስጥ ነው።»