የኡዘይር ጓጉንቸር

በ፳፻፲፪ ዓመተ ምሕረት፣ የነሐሴ ዝናብ ከፉሪ ዳገት እየወረደ የሰበታን ጎዳና ሲያጥበው በሰነበተበት ሰሞን፣ ሰውን ከሰው ያራቀው ያ ክፉ ወረርሽኝ ከሁለት ወንድማማች የጨርቅ ነጋዴዎች ቤት ገባ።

ታላቁ ዲኖ ቁጡ ነበር፤ ታናሹ ኡዘይር ደግሞ ዝምተኛ። ዲኖ ገና በመጀመሪያው ሳል ሰፈሩን በጩኸት አናግቶ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ተወሰደ፤ ኡዘይር ግን ሰው ላለማስቸገር ትኩሳቱን አምስት ቀን ዋጠው፤ በስድስተኛው ቀን ጥቂት ሰዎች ቀበሩት። ዕድሜውን ሙሉ «ቻይ ነው» እየተባለ ሲመሰገን የኖረ ሰው፣ ችሎ ሞተ።

ጎረቤታቸው ሽማግሌው ኦቦ ባይሳ የዲኖን ሚስት ሬሐናን ጠርተው መከሯት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ታማሚ መርዶ አይረዳም። በዚያ ላይ ዲኖ ቁጡ ነው፤ ከሰማ ልቡ ቀጥ ትላለች። በእግሩ ሲመጣ እኛ እናረዳዋለን።»

«እሺ ኦቦ፣ አንቱ እንዳሉ» አለች።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ትደውላለች፤ አስታማሚዋ ሲስተር ያኔት ስልኩን በዲኖ ጆሮ ትይዝለታለች፤ «ኡዘይርስ?» ሲል «ሰላም ይልሃል» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ዲኖ በለሰለሰ ድምፅ «ልጆቼን አደራ በይው። እሱ ካለ እኔ አልሰጋም» አላት። ሬሐና በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳሯ ባሏ ሲለሰልስ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ሲስተር ያኔት ስልኩን መልሳ ወሰደች። «እህቴ፣ ምግብ እምቢ ብለዋል። ሲቆጡኝ ይሻላቸው ነበር። ሕክምና አይደለም የምነግርሽ፤ ግን እንዲህ ዝም ሲሉ እፈራለሁ።»

በማግስቱ ዲኖ ስለ ወንድሙ ሲጠይቅ የሬሐና ምላስ ቀደማት።

«ኡዘይርማ የሱቁን ጓጉንቸር ቀየረ። ዲኖ ከእንግዲህ አይመለስም ብሏል።»

በመስመሩ የሚያፏጭ ትንፋሽ ተሰማ። «ማን? ያሳደግሁት ልጅ? ቆይ ልነሳለት! ሲስተር፣ ያን ሾርባ አምጪ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዲኖ በንዴት በላ፤ በንዴት ተነፈሰ፤ በንዴት ከአልጋው ወርዶ ቆመ። ሬሐናም ንዴቱ በበረደ ቁጥር አንድ ክስ ትጨምርበት ነበር። በደወለች ቁጥር ግን ኡዘይር በር አጠገብ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ሆኖ የሚያዳምጣት ይመስላታል፤ በሕይወት ሳለ እንደሚያደርገው አንድም ቃል አይመልስላትም። በርጩማዋን ወደ ጓሮ አወጣቻት፤ እሱ ግን እዚያው ነበር።

ጳጉሜን ፫ ቀን ዲኖ ድኖ ወጣ። ሽማግሎቹ ለመርዶው ቤት ተሰብስበው ሲጠብቁ፣ እሱ መኪናውን ሱቁ ደጃፍ አስቆመ። ልትወስደው ሄዳ አብራው የመጣችው ሬሐና ክንዱን ይዛ «መጀመሪያ ቤት እንግባ፣ በአላህ!» ብትለው መነጨቃት፤ የድሮ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና ጓጉንቸሩን ሊሰብረው እንደመጣ ሰው በኃይል ጠመዘዘው።

ጓጉንቸሩ ተከፈተ።

ውስጥ፣ ግማሹ በተለካ ጨርቅ ላይ የኡዘይር የእንጨት ሜትር እንደተጋደመ አቧራ ለብሷል። ዲኖ ቁልፉን አየ፤ አቧራውን አየ፤ ሚስቱን አየ።

«ሬሐና… ኡዘይር የት ነው?»

አልጮኸም። ሬሐና ያን ጊዜ እንዲጮህባት ተመኘች።

የዚያን ዕለት የተነበበው የወረርሽኙ መግለጫ ዲኖን ካገገሙት ጋር ቆጠረው፤ ኡዘይር ግን ሳይመረመር ስለተቀበረ ከሞቱትም ከዳኑትም ቁጥር አልገባም። አንድ ሰው በሞተ ወንድሙ ላይ ተቆጥቶ መዳኑን፣ ወይም ባይቆጣም ይድን እንደነበር፣ የጻፈ የታሪክ መዝገብ የለም። ሬሐና ግን እስከ ዛሬ ያን ሱቅ የምትከፍተው በዚያው ጓጉንቸር ነው፤ ከመግባቷም በፊት ማንም እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኡዘይር፣ አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» ትላለች።