ያለ ርክክብ የተመረቀው ማቀዝቀዣ

ጠራጊዎቹ የሠራተኞቹን ካምፕ በልተው ጨርሰው ወደ ካፍቴሪያው ሲገቡ ቀና ብሎ ያየ አልነበረም። በዳሎል የመስታወት ከተማ ፕሮጀክት ሲያልቅ እነዚህ ምስጥ የሚያካክሉ ማሽኖች ጊዜያዊውን ነገር ሁሉ ይበላሉ፤ የተለመደ ነው።

ዘርፌ ሻንጣዋን አንግታ ልትወጣ ስትል የማቀዝቀዣው ድምፅ ተቆራረጠ። ስድስት ዓመት የለፋችበት፣ መላው ከተማ በእሱ የሚተነፍስበት ማሽን ነው። ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጣ ስትገባ ጠራጊዎቹ ዋናውን ቧንቧ መብላት ጀምረዋል።

የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ጎሽሜ በላብ ተነክሮ ቆሟል። ጠዋት በመልእክት ያሰናበታት እሱ ነው፤ ደህና ሁኚ እንኳ አላላትም።

«አስቁሚያቸው!»

«ርክክቡን ማን ፈረመ?»

ማንም አልፈረመም። ጎሽሜ ለበዓሉ ይድረስ ብሎ ሪባኑን አስቆርጧል፤ ፊርማው በኋላ ይደርሳል ተባለ፤ ባለሥልጣኖቹም አጨብጭበው ሄዱ። ተረካቢ የሌለው ማሽን ደግሞ ለጠራጊዎቹ ከካምፑ ድንኳን አይለይም።

«አንተ ግንባታው ሲያልቅ ሁሉም ነገር ያለቀ ይመስልሃል» አለችው። እስከ ትናንት አንቱ ትለው ነበር። «የማሽኑ ዕድሜ እኮ ገና ዛሬ ነው የሚጀምረው! አርባ ዓመት ማን ይጠግነዋል? ቢበላሽ ማን ይጠየቃል?»

«ወሬሽን ተይና ፈርሚ!»

«አንተ ፈርም!»

ጎሽሜ መዳፉን ፊርማ በሚቀበለው ሰሌዳ ላይ ለጠፈ።

«የፕሮጀክት ሠራተኛ መረከብ አይችልም» አለ የጠራጊዎቹ ድምፅ። «ጊዜያዊ ነው።»

ዘርፌ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ ነበር። እሷ ከጠዋት ጀምሮ የፕሮጀክቱ ሰው አይደለችም። ግን ከፈረመች ማሽኑ እስኪያረጅ ከዚህች ከተማ ንቅንቅ ማለት አትችልም። ሻንጣዋን አየችው። ውጭ ሙቀቱ ሃምሳ ሁለት ዲግሪ ነው። የሕፃናት ማቆያው የአደጋ መብራት ሲበራ ግን እየተራገመች መዳፏን ለጠፈች።

ጠራጊዎቹ ቀጥ አሉ።

«ተረካቢ ዘርፌ አድማሱ። ከፕሮጀክቱ ዝርዝር አንድ ጊዜያዊ ነገር ቀርቷል፦ ጎሽሜ ወልዴ። ይጠረግ?»

ጎሽሜ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። «ዘርፌ፣ በፈጠረሽ!» አለ። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። ለስድስት ዓመት እንደ ዕቃ ቆጥሯታል፤ አሁን ደግሞ እሱ ዕቃ ሆኖ በእጇ ገብቷል።

«ተዉት» አለች በመጨረሻ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት ማቀዝቀዣውን በጠገነች ቁጥር የሚከነክናት፣ ያችን አንዲት ቃል ለማለት የፈጀባት ጊዜ ነበር።