የወተቱ ግማሽ

«ይቺስ ማናት?»

ጩጬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ትኩር ብሎ አየ። አንዴ እህቱ ቀጮ የጠቆመቻትን ፊደል፣ አንዴ አፏን ያያል። «ቆይ አትንገሪኝ! አውቃታለሁ እኮ።»

«አምና ታውቃት ነበር» አለች ቀጮ። ወዲያው ጸጸታት።

ከእናታቸው ጋር የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የደም ምርመራውን ውጤት እየጠበቁ ነው። ጩጬ አምና የየሱቁን ማስታወቂያ ጮክ ብሎ እያነበበ መንገድ ላይ የሚያሳፍራት ልጅ ነበር። ዘንድሮ ሆዱን ያመዋል፣ ምግብ ይገፋል፣ ትናንት የተማረው ዛሬ አዲስ ይሆንበታል። እናታቸው «ወስፋት ነው» ብላ መድኃኒት ብታስውጠውም ጠብ ያለ ነገር የለም።

ቀጮ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አክስቷ ከተማ ልትሄድ ነው። በሰፈራቸው ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም። ልብስ ሰፊዋ አክስቷ «እኔ ጋ ሆና ትማር፤ ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግን ለአንድ ልጅ አላንስም» ብላለች። ቀጮ ሻንጣዋን ከሸከፈች ሰነበተች፤ በየሰበቡ እየከፈተች ታየዋለች።

ሐኪሟ አስገባቻቸው። «ደሙ ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለ፤ በጣም ብዙ። ቤታችሁ ምን ይሠራል?»

«አባቱ ጓሮ ውስጥ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየፈታ እርሳሱን ያቀልጣል» አለች እናት። «ልጁ ግን እዚያ አይጫወትም! ወተት ሊያደርስ ብቻ ነው የሚገባው።»

«የምን ወተት?»

«መርዙን ያረክሳል ብለን ነዋ። ባለቤቴ ከሥራው መሀል ወተቱን ሳይጠጣ አይውልም። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ወተት እርሳስን አያረክስም። ልጁ ከዚያ ግቢ መውጣት አለበት። ሥራው ዛሬ ቢቆም እንኳ አፈሩ ተበክሏል። ከወጣ አይብስበትም። የጠፋው ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።» ከዚያ ወደ ቀጮ ዞረች። «አንቺም ብትመረመሪ ጥሩ ነው። ትንንሾቹን ግን ይበልጥ ይጎዳል።»

ቤት ሲደርሱ አባትየው ከጓሮ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማቸው። መጀመሪያ ሳቀ። «እኔ ስንት ዘመን እሳቱ ላይ ቆሜ ምን ሆንኩ?» ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ቤት ውስጥ ማንም አያነሳበትም።

«አባዬ፣ ጩጬ ወተቱን ሰጥቶህ ወዲያው ይመለሳል?» አለች ቀጮ።

«ኧረ አጠገቤ ነው ቁጭ የሚለው። ግማሹን እኮ የምተውለት ለሱ ነው። ጭሱ እንዳይነካው ብዬ...» አልጨረሰውም። መዳፉን አየ፤ ሱሪው ላይ ጠረገውና እንደገና አየው።

«ተወው ይሄን ሥራ» አለች እናት።

«ትቼስ? ምን እንብላ? የት እንሂድ?» አልተቆጣም፤ የእውነቱን ነበር የሚጠይቀው። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታቸው ምድጃ ይጨሳል።

እናትየው ወደ ሻንጣው አየት አድርጋ ዓይኗን ሰበር አደረገች። በሷ ፈንታ ጩጬ እንዲሄድ መፈለጓ ቀጮ ገባት፤ ተናደደችም። አፍ አውጥተው ቢጠይቋት «ለምን ሁልጊዜ እኔ?» ብላ ትጮህ ነበር፤ ታለቅስም ነበር። ዝም ሲሏት የምትጣላው ሰው አጣች። ደግሞስ ቢሄድ ምን ሊሆን? የጠፋው አይመለስም ተብሏል። እሷ ብትሄድ ግን ዘጠነኛ ትገባለች፤ ይሄ እርግጥ ነው።

ጩጬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ከጓዳ ብቅ አለ። የወተት ሰዓት ነው፤ ይህን አልረሳም። «አባዬ፣ እንካ! ግማሹ የኔ ነው፣ አይደል?»

አባትየው እጁን ዘረጋ፤ መለሰው። ከልጁ እጅ መቀበል አቃተው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ጩጬ፤ ሁሉንም በየተራ እያየ።

ቀጮ ተነስታ የእናቷን ስልክ ወሰደችና ወደ ውስጥ ገብታ አክስቷ ጋ ደወለች።

«አንቺ ቀጮ!» አለች አክስቷ፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። «አልጋሽን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።»

«አክስቴ፣ እኔ አልመጣም። የሚመጣው ጩጬ ነው።»

መኪናው ቆመ። «እንዴ! ምን ሆናችሁ? ትምህርትሽስ?»

ቀጮ የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። አክስትየዋም «አንቺስ የኔ እናት? አንቺንስ አይጎዳሽም?» አለቻት።

«እኔማ ትልቅ ነኝ» አለች ቀጮ።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ልብሷን ከሻንጣው አውጥታ የጩጬን ልታስገባ አነሳች። ስታራግፈው ግራጫ አቧራ ቦነነ። ሁሉንም በሳፋ ይዛ ወጣችና ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማ አጠበችው። ልታሰጣው ስትል ጓሮውን አየች፤ የልብስ ገመዱ ከአባቷ ማቅለጫ ምድጃ ፊት ለፊት ነው።

እርጥቡን ልብስ አቅፋ ተመለሰች። ከአልጋዋ በላይ ገመድ ወጥራ አሰጣችውና መስኮቱን ዘጋችው።