በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው

«ክፈቺው» አለች እናቷ፤ የካርቶን መቁረጫውንም በእጇ አስያዘቻት።

ልጅቷ መቁረጫውን እንደያዘች ቆመች። በዚያ ክፍል የታሸገ ካርቶን መክፈት ከተከለከሉት ነገሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነበር። ክፍሉ ቀድሞ የእንግዳ መኝታ ነበር፤ አሁን ግን ከወለሉ እስከ ጣሪያው በመደርደሪያ የተሞላ፣ የማሸጊያ ፕላስተር ሽታ የማይለየው፣ የእናቷ የኦንላይን ሱቅ ነው። ደንበኛ አይገባበትም። ሰው በስልኩ ያዝዛል፤ እናቷ ታሽጋለች፤ ታላቅ ወንድሟ በብስክሌት ያደርሳል። የደንበኛውንም ሆነ ባሕር ማዶ ያለውን የአቅራቢውን መልእክት የምትመልሰው ልጅቷ ናት። ስለዚህ ወንድሟ «ጸሐፊዋ» ይላታል፤ በቀልድ የወጣው ስም ቆይቶ የቤቱ ሁሉ መጠሪያዋ ሆነ።

«የተከፈተ ካርቶን ማን ይገዛናል?» አለች ጸሐፊዋ።

«ማንም አይገዛንም። ለሽያጭ አይደለም። አጎትሽ ውስጡን አይቶ ይፍረድልን።»

በካርቶኑ ውስጥ ያለው የተማሪ ማይክሮስኮፕ ነበር። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ የሚኖረው በዚሁ ዕቃ ነው። ታሽጎ ይመጣል፤ እንደታሸገ ይሄዳል። ከሦስቱ አንዳቸውም አንድ ቀን እንኳ ዓይናቸውን በመመልከቻው ላይ አሳርፈው አያውቁም። ጸሐፊዋ በሱቁ ገጽ ላይ «ድንቅ ዓለም በመዳፍዎ!» እያለች ስታሞግሰው የኖረችው ከሌሎች ሱቆች ገጽ በተዋሰችው ቃል ነው። ማር እየሸጠ ጣዕሙን እንደማያውቅ ነጋዴ ሆነው ነበር።

አሁን ግን ካርቶኑ እንዲከፈት ያስገደደ ነገር መጣ። እናቷ ጠዋት ዕቃ ከጉምሩክ ከሚያስለቅቅላቸው ሰው ቢሮ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ተገጣጥሞ በሚገባ መሣሪያ ላይ አዲስ ቀረጥ ተጥሏል። ቀረጡን በዋጋው ላይ ቢጨምሩት ተማሪ አይገዛውም፤ ራሳቸው ቢችሉት ደግሞ ሱቁ ይከስራል። አስለቃቂው ግን አንድ መንገድ ጠቁሟቸዋል፤ ሌንስ ለብቻው ከገባ ቀረጡ እንደ ድሮው ነው። «ዓይኑን ከውጭ አስመጡ፤ አካሉን እዚሁ ሥሩ» ብሏታል። አካሉ እዚህ ሊሠራ ይችል እንደ ሆነ የሚያውቀው አናጢው አጎቷ ብቻ ነበር።

አጎቷ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሳያወርድ፣ የእንጨት ብናኝ በእጅጌው ላይ እንዳለ መጣ።

«የታል በሽተኛው?» አለ።

«ያውልህ፤ ግን ቶሎ በል» አለችው እናቷ። «አቅራቢው አንድ መምህር ለትምህርት ቤቱ ያዘዘንን ሠላሳ ማይክሮስኮፖች ጭኖ ሊልክ መልስ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ካልተነሡ ለትምህርት ቤቱ የሳይንስ ሳምንት አይደርሱም።»

«እትዬ፣ ሲሠራ ሳላየው የፈታሁት ወንበር እንኳ የለም። መጀመሪያ ሥራውን ያሳየኝ።»

ጸሐፊዋ ካርቶኑን በጥንቃቄ ሰነጠቀችው። መሣሪያው ከአረፋ መሰል ማቀፊያው ሲወጣ ከገመተችው ይልቅ አነስተኛና ቀላል ሆነባት። በመስኮቱ አጠገብ አቆሙት፤ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ መስተዋትም ወደ ብርሃኑ አዞሩ። ወንድሟ በመስኮቱ ደፍ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ ሥር፣ በሳህኑ ላይ ተኝቶ ከሰነበተው አረንጓዴ ውኃ አንድ ጠብታ በማንኪያ ጫፍ አምጥቶ ከመሣሪያው ጋር በመጣው ስስ ብርጭቆ፣ በስላይዱ ላይ ጣለ።

«በይ እንግዲህ ጸሐፊዋ፤ ምን ይታይሻል? ዕጣ ፈንታዬን ንገሪኝ» አለ።

መጀመሪያ ግራጫ ጉም ብቻ ነበር። ቀጥሎ የራሷ ሽፋሽፍት እንደ ጥቁር ሸምበቆ ተጋረጠባት። ማስተካከያውን በቀስታ ስታዞረው ግን ጉሙ ተገፈፈ፤ ብርሃንም ሆነ።

በብርሃኑ ውስጥ ሕይወት ነበረ። አረንጓዴ ክሮች እንደ መስተዋት ዓምድ ቆመዋል፤ በዓምዶቹ መካከልም ቀጭን ግንድ ያላቸው፣ አፋቸውን ወደ ላይ የከፈቱ ጥቃቅን ደወሎች ተተክለዋል። አንዱ ደወል በድንገት ግንዱን እንደ ሞላ ጠምዝዞ ወደ ታች ተሰበሰበ፤ ጥቂት ቆይቶም ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ከዚያ አንድ ትልቅ ፍጥረት ወደ መሐል ገባ፤ ትልቅነቱ በዚያ ዓለም መጠን ነው እንጂ በማንኪያው ላይ ሳለ ነጥብ እንኳ አይባልም ነበር። ገላው እንደ መስኮት ያሳልፋል። የበላው አረንጓዴ ነገር በአንጀቱ ውስጥ ሲሄድ ይታያል። በጀርባውም በኩል አንዲት ነገር ያለ ዕረፍት፣ በጥድፊያ ትመታለች።

«ልቡ ነው» አለች ጸሐፊዋ በሹክሹክታ። «ልብ አለው። ይመታል።»

«አታካብጂ!» አለ ወንድሟ፤ ገፋ አድርጓትም ጎንበስ አለ። ማስተካከያውን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። «ይህን ሳህን እኮ ባለፈው ሳምንት እጠበው ብለሽኝ ነበር፣ እማዬ። እንኳን ሰነፍኩ!»

«ለስንፍናህ ደግሞ ምስክር አገኘህለት!» አለችው እናቱ፤ እርሷም በተራዋ ጎንበስ አለች። አንድ እጇን በደረቷ ላይ አድርጋ ቀረች። ከውጭ የአንድ መኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ እርሷ ግን የሰማችው አትመስልም ነበር።

«ይህ ሁሉ በአንዲት ጠብታ ውስጥ?» አለች በመጨረሻ። «አበባውን ውኃ ሳጠጣ ኖሬ ከሥሩ ያለውን አላየሁም። ማን ይሆን ይህን ሁሉ ቆጥሮ የሚመግበው?»

አጎቷ ከሁሉም በኋላ ተመለከተ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው የሌላ ባለሙያ ሥራ ሲያይ እንደሚያደርገው ራሱን ደጋግሞ ነቀነቀ። «ይህን የሠራ እጅ መሮ አልያዘም» አለ።

ከዚያም ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ። እግሩን፣ ማስቀመጫውን፣ ቱቦውን፣ መስተዋቱን በጠረጴዛው ላይ አሰለፈ። በመጨረሻ በነጭ ጨርቅ ላይ የቀሩት ከጣት ጥፍር የማይበልጡ ሁለት ክብ ሌንሶች ነበሩ። ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ያ ሁሉ ደወል፣ ያ ሁሉ ዓምድ፣ ያ የሚመታ ልብ በእነዚህ በኩል ነበር የመጣላት።

«እነዚህን እኔ አልሠራቸውም» አለ አጎቷ። «ሌላውን ግን ከጠንካራ እንጨት አበጀዋለሁ፤ ከፕላስቲኩም ይሻላል። ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ሠላሳውን ለሳይንስ ሳምንቱ አድርስ ብትሉኝ ውሸቴን ነው የማደርሰው።»

በዚህ መካከል የጸሐፊዋ ስልክ ጮኸ። የአቅራቢው መልእክት ነበር። አነበበችው።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ።

«መኪናው ሊወጣ ነው ይላል። ‹ስለ አዲሱ ቀረጥ ሰምተናል። ከፈለጋችሁ በካርቶኖቹ ላይ ያገለገሉ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ብለን እንጽፋለን። ብዙ ደንበኞች እንደዚያ ያስጽፉናል› ይላል።»

ወንድሟ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው መፍትሔው! ‹እሺ› በይውና ጨርሺ።»

«መጫወቻ አይደለማ።»

«ፋራ አትሁኚ እንጂ! ሁሉም የሚያደርገው ነው። ስም ከቤት ይወጣል፣ ጉምሩክ ይቀበላል! ሠላሳውም በጊዜ ይደርሳል፤ መምህሩም ደስ ይለዋል። ማን ተጎዳ?»

«ቢከፍቱትስ?»

«እኛ ራሳችን እስከ ዛሬ ከፍተን አላየነው፤ እነርሱ በምን ጊዜያቸው ይከፍቱታል?»

አጎቷ በዚህ ሳቀ፤ ሳቁን ግን ቶሎ ዋጠው። ሁሉም ወደ እናቷ ተመለከቱ። እርሷ የፕላስተሩን ጥቅል በእጇ ታዞር ነበር።

«የአቅራቢውን ቋንቋ የምታነብቢውም የምትጽፊውም አንቺ ነሽ» አለቻት ለልጇ። «እጅሽ የማይጽፈውን አላስጽፍሽም። ግን አንድ ነገር አልደብቅሽም፤ መምህሩ ትእዛዙን ከሰረዘ ሱቁን እስከ አዲሱ ሥራ የሚያደርሰን ነገር የለም። ልንዘጋው እንችላለን። ይህንን አውቀሽ ጻፊ።»

ጸሐፊዋ ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከሱቁ መዘጋት የሚከተለውን አሳምራ ታውቀዋለች። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት እናቷ ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ከመሸ የምትመለስባቸው ዓመታት ነበሩ፤ እርሷና ወንድሟ በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ የቁልፉን ድምፅ እያዳመጡ የሚጠብቁባቸው ዓመታት። የማይረሳ ነገር ነው። ወንድሟም የሚጣደፈው ገንዘብ ወዶ እንዳልሆነ አወቀች፤ እርሱም ያንን በር ፈርቶ ነው።

መጻፊያውን ከፈተች። «ያገለገሉ የፕላስቲክ» ብላ ጻፈች። ቀጣዩን ቃል ለመጻፍ ጣቷን አነሣች፤ ጣቷም በአየር ላይ ቀረ። በነጩ ጨርቅ ላይ ያሉትን ሁለት ሌንሶች አየች። የመስኮቱ ብርሃን በእነርሱ አልፎ በጨርቁ ላይ ሁለት ትናንሽ ፀሐዮች ሠርቶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በፊት በእነርሱ በኩል ያየችውን በሹክሹክታ ነበር የተናገረችው። አሁን ስም ስጪው ስትባል ይህን ልትለው ነው?

የጻፈችውን አጠፋች። እንደገናም ጻፈች፤ በዝግታ፣ ስሕተት እንዳይኖርበት እያየች፦ «ማይክሮስኮፖቹን አትላኩ። ሌንሶቹን ብቻ ላኩልን፤ የሠላሳውን። በካርቶኑም ላይ ‹ሌንስ› ብላችሁ ጻፉ።» የላከችውንም ለእናቷ ጮክ ብላ ተረጎመችላት።

«አበቃ» አለ ወንድሟ፤ ሆኖም በድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ብሎኖቹን ከጠረጴዛው ላይ ሰብስቦ በመዳፉ ያዛቸውና ለአጎታቸው ዘረጋለት። «ጋሼ፣ እንጨት የሚያሸክምህ ሰው ያስፈልግሃል ማለት ነው።»

«ብስክሌትህ ከቻለች።»

እናቷ የፕላስተሩን ጥቅል አስቀምጣ ስልኳን አነሣች። የመምህሩን ቁጥር አውጥታ ልትደውል ስትል መልሳ አጠፋችው፤ እንደገናም አወጣችው።

«እኔ ልንገረው፣ እማዬ።»

«አንቺ? ተማሪ ሆነሽ ለመምህር?»

«አዎ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ስልኩ ጠራ፤ ደግሞም ጠራ። ከዚያ የመምህሩ ድምፅ መጣ፤ ደስ ያለው ድምፅ ነበር። «እሺ! ዕቃችን ተነሣ?» አለ።

«ሰላም ነው መምህር?» አለች ጸሐፊዋ። «በጊዜው አይደርስልዎትም። ይቅርታ ያድርጉልን። ሊሰርዙት ይችላሉ፤ ከመወሰንዎ በፊት ግን ለምን እንደ ሆነ ልንገርዎት።»

እናቷ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ጆሮዋንም ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«እየሰማሁሽ ነው» አለ መምህሩ።